የማይቆጠረው ጫፍ

ክርር… ክርር… ክርር።

ሞረድ ነው። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ አወቀችው። አያቷ ከብረታ ብረት ወርክሾፕ ጡረታ ከወጡ ወዲህም እጃቸው ሥራ መፍታት አልለመደም። ጎረቤት የማይገባ ቁልፍ ካመጣላቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሞርዳሉ።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ሥራቸውን አቆሙ።

«ፕሮፌሰር፣ እንዴት አደርሽ? ነይ እስቲ፣ አንድ ሂሳብ አለኝ።»

«ትምህርት ተዘግቶም ሂሳብ?»

«በነፃ አይደለም። ሻይሽን እኔ አፈላለሁ።»

የድሮው ፎርማናቸው ደውሎ ነበር። ሥራ በዝቶበታል፤ ተመልሰው ቶርኖ ማሽኑ ላይ ብረት እንዲቀርጹለት ይፈልጋል። መልሱን እስከ ምሳ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ መቆም ደግሞ የአያቷ ወገብ አይችልም፤ ጫማቸውን እንኳ የሚያስሩት ግድግዳ ተደግፈው ነው። ያጠራቀሙት ከበቃቸው እምቢ ይላሉ።

«ባንክ ያለው ስድስት መቶ ሺህ ነው። በወር አምስት ሺህ አወጣለሁ። ስንት ዓመት ያኖረኛል?»

ስልኳን ስታወጣ የጎረቤቷ የቀጮ መልእክት ነበር፦ «የእኛ ትምህርት ቤት ምዝገባ ዛሬ ያልቃል። አንቺ ግን በነፃ መማር አይመጥንሽም አይደል? ሃሃ።» አልመለሰችላትም። አካፈለች።

«አሥር ዓመት።»

«በቃ! ፎርማኑ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።»

«ቆይ አባባ። ዘይት አሁንም በካቻምናው ዋጋ ነው የሚሸጠው?»

«ዘይትን አታንሺብኝ!»

እንደገና ጀመረች። ባንኩ በዓመት ከመቶ ሰባት ይጨምራል። የቤቱ ወጪ ደግሞ ካምና ወዲህ ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ጨምሯል። እንዲህ እየተሯሯጡ ከቀጠሉ ወጪው ይቀድማል።

«ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል።»

አያቷ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ስምንትም አይከፋ። እምቢ እለዋለሁ።»

ስልኳን ልታስቀምጥ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«የእኔ የትምህርት ቤት ክፍያስ? አምስት ሺሁ ውስጥ አለ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ ከየት?»

ሞረዱን መልሰው አነሱ። «ቶርኖ ላይ ብረት ስታስሪ ማሽኑ የሚነክሰው ጫፍ አለ። ያ ጫፍ ከዕቃው ርዝመት አይቆጠርም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የለካሁት።»

«ጫፉ ግን የዚያው ብረት ነው አይደል?»

ክርር… ክርር።

ክፍያዋ በወር አራት ሺህ ነው። አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ አራት ዓመት ይቀራታል። ያንን ጨምራ ስታሰላ አምስት ዓመት ተኩል ብቻ ወጣ። ደግማ አሰላች፤ ሌላ ቁጥር አልመጣም። ነገረቻቸው።

አያቷ አልደነገጡም። የሞረዱን ብናኝ ከጉልበታቸው ላይ አራገፉ።

«እንግዲያው እሺ ልበለዋ» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ወገባቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተነሱና ሻይ ሊጥዱ ገቡ።

ልጅቷ የትምህርት ቤቷን ላብራቶሪ አሰበች። መስኮቱ ስር ያለው ማይክሮስኮፕ የእሷ ነበር፤ ማለትም ማንም ሳይቀድማት የምትይዘው። ቀጮ ምዝገባው ሰልፍ ላይ ስታያት ምን ብላ እንደምትስቅም አሰበች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ መሳቢያውን ከፈተች። የስምንተኛ ክፍል ካርዷን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አባባ፣ ለፎርማኑ እስከ ምሳ እንዳይደውሉ።»

«ለምን?»

ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ሻይሽስ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ሲጀምር በሩ ተዘጋ።