በቀትር የጠበቀው ፋሼታ

ተክበር ካቻቢቴውን አንድ ዙር ጨመረች፤ ከዚያ ደግሞ ግማሽ። አዲሱ ፋሼታ፣ የቱቦ ማሰሪያው የብረት ቀለበት፣ የራዲያተሩን ቱቦ አንገቱ ላይ ይዞ ጨመቀው። ብረቱ በቀትር ፀሐይ አብረቀረቀና ዓይኗን አስጨፈናት።

በዚህ ሰዓት መላው የአታር ከተማ ተኝቷል። ፍየሎቹ በግድግዳው ጥላ ሥር፣ አባቷ ቡህ በጋራዡ ምንጣፍ ላይ፣ ጎዳናው ደግሞ ባለበት። የነቁት ዝንቦችና ተክበር ብቻ ናቸው። እሷም ብትሆን ግማሽ ልቧ ሕልም ውስጥ ነው፤ የምትጠግነው የሽማግሌው ሹፌር የሲዳህመድ አሮጌ ፒክአፕ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያዛጋ የምታይ እየመሰላት ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ፈገግ ልበል ብትል አይፈረድባትም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ ሥር ስትሠራ፣ ብቻዋን ሥራ የተሰጣት ዛሬ ገና ነው። ትእዛዙም ቀላል ነበር፦ የተሰነጠቀውን ቱቦ አውጪ፣ አዲሱን አግቢ፣ የድሮውን ፋሼታ መልሰሽ እሰሪ።

የድሮው ፋሼታ ግን አስቸገራት። ብሎን የለውም፤ በፒንሳ ከፍተው ሲለቁት በራሱ ጉልበት የሚነክስ ጥቁር ቀለበት ነው። ሁለት ጊዜ አምልጧት አውራ ጣቷን መታት። ከሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ባለ ብሎኖቹ እንደ ብር ያበራሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በሚያብረቀርቅ ነገር የማይታለል ማን አለ? አንዱን አነሳችና አሰረችው። ሞተሩን አስነስታ ቱቦው ሲግል ደግማ አጠበቀችው። ጠብታ አልወጣም።

«አለቀ?» አለ ቡህ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አለቀ፣ አባዬ።»

«ያንን የድሮውን መለስሽው አይደል? ቱቦ ሲሞቀው ያብጣል፣ ሲበርደው ይከሳል። የድሮው አብሮት ይከሳል። ባለ ብሎኑ ግን ያሰርሽው ቦታ ላይ ነው የሚቀረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።»

«አዎ» አለች። ምላሷ ቀደማት።

«ጎበዝ። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ከኋላሽ ቆሜ አላይም።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። የድሮውን ፋሼታ ከመሬት አንስታ ኪሷ ከተተችው።

አመሻሹ ላይ ጓደኛዋ ሰለካ እየሮጠች መጣች። ሩቅ ከተማ ያለች እህቷ ወልዳለች፤ ለልጁ ስም ማውጫ ከእናቷ ጋር ነገ ንጋት ላይ ወደ ዋዳን ይሄዳሉ፣ በሲዳህመድ መኪና።

«አንቺ ነሽ አሉ የሠራሻት! እንግዲያ እኔ መንገዱን በሙሉ ተኝቼ ነው የምሄደው!»

«ተኚ» አለች ተክበር። እስከ ዋዳን ድንጋይና አሸዋ ነው፤ መኪና ቢቆም የሚያልፍ ሌላ መኪና እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ሌሊቱን በሕልሟ የሚያብረቀርቁ ቀለበቶች በአሸዋው ላይ እየተንከባለሉ ሲርቋት፣ እሷም ስትከተላቸው አደረች።

ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተክበር ፊቷን ልትታጠብ እጇን ሳህኑ ውስጥ ስትነክር የብር ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ቅጭል አለ። ትናንት ቀትር ላይ ቅባት የነካውን እጇን ልታጸዳ ቀለበቱን በሳሙና ብትታገለው እንኳ አልወጣላትም ነበር።

ብርድ ያከሳውን ጣቷን ለአፍታ አየች። ከዚያ ወደ ጋራዡ ሮጠች።

ሰለካና እናቷ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ፒክአፑ ጭነት ላይ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሲዳህመድ ከአባቷ ጋር ሁለተኛውን የሻይ ብርጭቆ ጨልጦ ሊነሳ ነው።

«ዛሬ ሁለቱ ይበቃኛል፣ መሽቶብኝ እንዳልገባ።»

«አጎቴ ሲዳህመድ! ሦስተኛውን ሳይጠጡ?» አለች ተክበር እያለከለከች። «አባቴን በሰው ፊት ሊያዋርዱት ነው?»

በአገራቸው ልማድ ሰው በጠብ ካልሆነ በቀር ከሦስተኛው ብርጭቆ በፊት አይነሳም። ሽማግሌው ሳቀ። «ምላሷም እንደ እጇ ነው እኮ!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

አንድ ብርጭቆ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አገኘች። ኮፈኑን ከፍታ ጣቷን ከቱቦው ሥር ሰደደች። እርጥብ ነው። አንድ ጠብታ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሎ ወደቀ።

ካቻቢቴው አጠገቧ ነው። ግማሽ ዙር ብትጨምር ማንም አያውቅም። ለዛሬ ጠዋት ይይዛል። ነገ ጠዋት በዋዳን ብርድ ግን ማን ያጠብቀዋል?

«ምን ረሳሽ?» አለ አባቷ ከበስተኋላዋ።

«ምንም» የሚለው ቃል አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀና ስትል ሰለካ ከጭነቱ ላይ እንቅልፍ በተጫነው ፊት እጇን አወዛወዘችላት።

ተክበር ኪሷ ገባችና መዳፏን ዘረጋች። ጥቁሩ ፋሼታ ተቀምጦበታል።

«ትናንት አዎ ያልኩህ... አልመለስኩትም ነበር፣ አባዬ። እያፈሰሰ ነው።»

ቡህ ፋሼታውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሻዩ አዞረ።

«ሲዳህመድ፣ አራተኛ ብርጭቆ ትጠጣለህ።»

«አራተኛ የሚባል አለ እንዴ?»

«ዛሬ አለ።»

አባቷ ተመልሶ መጣና ከኋላዋ ቆመ፣ ሊያይ። ተክበር ፒንሳውን አነሳች።