ሰዓዳና አርባዎቹ መስመሮች

ልጆች፣ ይህ ነገር ከሆነ ቆይቷል። እኔም አርጅቻለሁ፤ አንዳንዱን አሳስቼ እነግራችሁ ይሆናል። መስመሮቹ ግን አርባ ነበሩ። አዎ፣ አርባ።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከቤታችን ቀጥሎ፣ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። ሙኒር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበራት።

የሙኒር እግሮች ደካማ ነበሩ። የሚራመደው ትንሽ ጋሪ ይዞ፣ እየገፋ ነበር። ኪው ኪው! ኪው ኪው!

አንድ ቀን ጎማዎቹን የያዘው የብረት ዘንግ ቀጭ አለና ተሰበረ።

ሙኒር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ሲሮጡ በዓይኑ ብቻ ተከተላቸው።

ሰዓዳ አያቷን አባባ ኡስማንን አዲስ ዘንግ እንዲሠሩላት ለመነቻቸው። እሳቸው ጓሮ ውስጥ ቶርኖ ነበራቸው። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚፍቅ ማሽን ነው። ዝርርርር!

አባባ ኡስማን አንድ ዘንግ ፋቁ። ወፍራም ሆነ፤ ጎማው አልገባም።

እንደገና ፋቁት። አሁን ደግሞ ቀጠነ፤ ጎማው ተወላገደ።

ለካ የቶርኖው እጀታ ላይ መስመር ያለው ቀለበት ነበር። ምን ያህል እንደተፋቀ የሚናገረው እሱ ነው። አሁን ግን ተሰንጥቋል፤ አርባዎቹ መስመሮችም ጠፍተዋል።

«አንድ መስመር ሳዞር አንድ ፀጉር ያህል ይፋቃል» አሉ አባባ ኡስማን። «ያለ መስመር ግን በግምት ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ቀለበት እንሥራ» አለች ሰዓዳ።

አባባ ኡስማን ልሙጥ ቀለበት ሠሩ። ሰዓዳ ወረቀት ጠቀለለችበትና ጫፉ ከጫፉ ሲገናኝ ቆረጠችው።

ወረቀቱን አጠፈችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስትዘረጋው ስምንት ክፍል ሆነ። እያንዳንዱን ክፍል በማስመሪያ አምስት ቦታ ከፈለችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረች።

ቆጠረች። አርባ አንድ። ደግማ ቆጠረች። አርባ አንድ።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከመካከል አንዱን ልታጠፋ ላጲስ አነሳች።

አባባ ኡስማን እጇን ቀስ ብለው ያዙ። «ቆይ እማዬ። መጀመሪያ አልብሺው።»

ወረቀቱን ለቀለበቱ አለበሰችው። የመጀመሪያው መስመርና የመጨረሻው መስመር ተገናኙ። ተደራረቡ። አንድ ሆኑ።

አርባ!

አባባ ኡስማን በመስመሮቹ ላይ መሮ አሳርፈው መቱ። ሰዓዳ ቆጠረች። ኳ! አንድ። ኳ! ሁለት። ኳ! ሦስት። እስከ አርባ።

ቀለበቱ እጀታው ላይ ተገጠመ፤ ቶርኖው ላይም አዲስ ብረት ታሰረ። ሰዓዳ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ራቅ ብላ ቆመች። (እናንተም ብቻችሁን ቶርኖ አጠገብ አትሂዱ። እኔን ዛሬም ያስፈራኛል።)

«አንድ መስመር» አሉ አባባ ኡስማን።

«አንድ ፀጉር» አለች ሰዓዳ። ዝርርርር!

ሰዓዳ ቸኮለች። ሁለት ሁለት መስመር እንዲያዞሩ ለመነቻቸው።

አባባ ኡስማን ፈገግ አሉ። «የተፋቀ ብረት አይመለስም፣ እማዬ። አንድ መስመር፣ አንድ ፀጉር።» ዝርርርር!

ጎማውን ሞከሩት። ጠበበው።

አንድ መስመር፣ አንድ ፀጉር። ዝርርርር!

ሞከሩት። ሸርተት ብሎ ገባ። ዘንጉን ጋሪው ላይ ገጠሙት።

ሙኒር ጋሪውን ይዞ ተነሳ። አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ። ደጃፉን አልፎ ወደ ልጆቹ ሄደ።

እኔ ከዚያ ሰፈር ከወጣሁ በኋላ ወሬያቸውን የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የኢድ ማግስት ነበር። ሙኒር አሁን እግሮቹ ጠንክረው ያለ ጋሪ ትምህርት ቤት ይሄዳል አሉኝ። ሰዓዳ ከኋላው ሆና «ቀስ በል፣ ጠብቀኝ» ትለዋለች አሉ።

ያን ማታ ስለ ሙኒር ሳልጨነቅ ተኛሁ። እናንተም ተኙ።