ዘግታበት የወጣችው ስም

ዘርፌ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ ትነሣና ረጅሙን ኮሪደር በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሥራውን ትወደዋለች። አባቷ አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት ያልጾመችው ጾም፣ ያልተሳለችው ስለት አልነበረም፤ ግን ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደወል በሰማች ቁጥር በንዴት መስኮቷን ትዘጋ ጀመር። ጸሎትም ስለትም ወደሌለበት፣ በዝምታ ብቻ ወደሚታመንበት ወደዚህ ቤት የመጣች ዕለት ግን እንደ ሕፃን ተኛች።

የቤቱ መሪ ጋሽ ምንተስኖት የድሮ አስተማሪ ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ለመግቢያ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮት ከሌላት ጠባብ ክፍል ገብታ፣ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላትን የክርስትና ስም፣ «ወለተ ሐና»ን፣ ሦስት ጊዜ ጠራችና በሩን ዘግታበት ወጣች።

«ከውስጥ ቢጠራሽ አቤት እንዳትይ» አሏት። «ሲደክመው ይተውሻል።»

በመጀመሪያው ሳምንት በዚያ በር አጠገብ ስትወለውል የሜሮን ሽታ ሸተታት። በሁለተኛው፣ በበሩ ሥር ከሚታየው ቀጭን ጨለማ ትንፋሽ ወጣ፤ ከትንፋሹ በኋላ ገና አፏን የፈታች ሕፃን ድምፅ «ወለተ ሐና» አለ። ዘርፌ ጨርቁን ጨምቃ ሥራዋን ቀጠለች። ድምፁ ግን በየቀኑ ያድግ ነበር፤ ተማሪ ልጅ ሆነ፣ ኮረዳ ሆነ፣ አንድ ማለዳ ደግሞ አባቷ የሞቱ ዕለት በልቅሶ የሰለለው የራሷ ድምፅ ሆኖ ለመናት። አቤት ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዋጠችው።

በማግስቱ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ክፍሉ ባዶውን ጠበቃት። «ተገላገልኩ!» አለች፤ እውነትም ቀለል አላት።

ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ደወለች። እናቷ ስልክ ባነሣች ቁጥር «ተመለሽልኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። የዛሬው ድምፅዋ ግን ሳቅ ሳቅ ይለዋል።

«ገና አሁን ከቤት መውጣትሽ አይደል? ምን ረስተሽ ነው የደወልሽው? ቶሎ ነይ፣ ፀጉርሽን ሳልጨርስልሽ እንዳይመሽ።»

ዘርፌ ነጠላዋን ሳታነሣ ወደ ውጭ ስትሮጥ ጋሽ ምንተስኖት በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። አልከለከሏትም።

«ሂጂ» አሉ በሐዘን። «ሁላችንም ሄደን ነበር። ተመልሰናል።»

የእናቷ ግቢ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በቆርቆሮው ስንጥቅ ዓይኗን አስጠግታ አየች። እናቷ በጠራራ ፀሐይ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ የሰጠች ሴት ፀጉር ትሠራለች። ሴትዮዋ ዘርፌ ትታው የሄደችውን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ ታስሯል።

«ወለተ ሐና፣ እስቲ ቀና በይ።»

«አቤት እማዬ» አለች ሴትዮዋ በዘርፌ ድምፅ።

ዘርፌ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ እየደበደበች «እማዬ! እኔ ነኝ፣ ክፈችልኝ!» ብላ ጮኸች። የእናቷ ጣቶች ቀጥ አሉ። ግራ ገብቷት ወደ በሩ ዞረች፤ ልትነሣም ቃጣት። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዞር ሳትል የእናቷን ጉልበት ቀስ ብላ ያዘችና፣ እንደ አፍቃሪ ልጅ አለሳልሳ፣ «ስትጠራሽ አቤት እንዳትይ እማዬ፣ ሲደክማት ትተውሻለች» አለቻት።