ያዳመጠው እጅ

በታውሪን መንግሥት የነጩ ምንጭ ውኃ አንድ ማለዳ እንደ ሞተ ውሻ ሸተተ። ማድጋውን የሞላ ሁሉ ደጅ ወስዶ ደፋው፤ የተደፋበትም ሣር ጠቆረ። ከምንጩ ሥር ሆኖ ውኃውን ሲያጠራ የኖረውን ዕንቁ ጉርሙጥ የተባለው የረግረግ አውሬ ሰርቆ ውጦት ነበር።

ለዚናር የከፋው የልጇ ነገር ነው። ጡቷ ደርቆ ሕፃኗ ናሚ የምትኖረው በምንጩ ውኃ በተሠራ አጥሚት ነበር። አሁን የጠጣችውን ሁሉ ታስታውካለች፤ ትውከቷም ያንኑ ግማት ይሸታል። ዚናር ፊቷን አዙራ ጠረገችላት። የገዛ ልጇን መጸየፏ ከሽታው ይልቅ አስጠላት።

የመንግሥቱ ጡንቸኞች ቀደም ብለው ወርደው አውሬውን ደብድበውት ነበር። በመቱት ቁጥር እየተነፋ አባረራቸው፤ እነሱ ግን አተላ እየሸተቱ በየጠላ ቤቱ ስለ ቡጢያቸው ያወራሉ። ዚናር እነሱን ማየት አንገሸገሻትና የባዶ እጅ ትግል ጥበብ ወዳስተማረቻት ወደ አሮጊቷ እመት ሸሚራት ሄደች። በዚያ ቤት «ተጋጠሙ» አይባልም፤ «ተደማመጡ» ነው የሚባለው፤ የባላጋራን ጉልበት በመዳፍ ማዳመጥ ነውና። ማታ ማታ መምህርቷ «እጅሽ ምን ሰማ?» ስትላት ዚናር «ደኅና ሰማ» ብላ ወደ ቤቷ ትሮጥ ነበር። የስንብት ሰላምታ ይመስላት ነበርና።

«እመት፣ በልጄ ትንፋሽ እምላለሁ፤ ዕንቁውን ሳልይዝ በዚህ ደጅ አልገባም።»

«መሐላሽን ተቀብያለሁ» አለች አሮጊቷ። «ግን ስሚኝ ልጄ። ባላጋራሽ ላብ ካለበት ቶሎ ገፍተሽ ታርቂዋለሽ፤ አይቼሻለሁ። የተጸየፍሽውን እንዴት ትሰሚዋለሽ? ደግሞም የአውሬው ለሃጭ ሥጋ ያደነዝዛል። የቆየበት አካል ተመልሶ አይነቃም። ይህን ዐውቀሽ ሂጂ።»

አብሯት የተማረው ግዙፉ ጎልቃ ተከተላት። ረግረጉ እስከ ጭናቸው ዋጣቸው፤ አልቅት ከእግራቸው እየነቀሉ ሄዱ።

«ጎልቃ፣ ከአንተና ከረግረጉ የሚሸተው የትኛው ነው?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ረግረጉማ ከእኔ ነው የተማረው።»

ጉርሙጥን በረግረጉ ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ ተዘርፍጦ አገኙት። ዐይን የለው፣ ጠጉር የለው፤ ከጥርሱ መካከል የበሰበሰ የዓሣ ጭንቅላት ተሰክቷል፤ ከሆዱ ቢጫ ለሃጭ ይንጠባጠባል። ዚናር አፏን ስትይዝ ጎልቃ ዘሎ መታው። አውሬው ተነፋ፤ ሆዱም ከኋላቸው የዋሻውን በር ደፈነው።

«አንድ ጊዜ ልድገመው» አለ ጎልቃ።

«ድገመውና እዚሁ እንታፈን። እጅህን ሰብስብ።»

የሚያዳልጠው ሆድ ወደ እሷ ተጠጋ። ክንዷ ሊገፋው ተነሣ። ያን ጊዜ የመምህርቷ ጥያቄ ትዝ አላትና ክንዷን አለዘበች፤ ቀኝ መዳፏንም በለሃጩ ላይ አሳረፈች። ሲጫናት ሸሸችለት፤ ሲሸሽ ተከተለችው። መዳፏን ግን አላነሣችም።

መጀመሪያ የሰማችው ጉርጉርታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከሥሩ ትንሽ መንፈራገጥ፣ ቆም ማለት፣ እንደገና መንፈራገጥ ተሰማት። ይህን ታውቀዋለች። ናሚ ሊያስመልሳት ሲል ሆዷ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ንጹሑ ዕንቁ ለአውሬውም አልተስማማውም፤ ይዞት እየታመመ ነው።

«ዚናር፣ እጅሽ ጠቆረ። ተይው» አለ ጎልቃ።

«ጥቂት ቀርቶታል» አለች። ልጇን እንደምታሻሽ አድርጋ፣ በአውሬው ትንፋሽ ልክ፣ መዳፏን ወደ ላይ ሳበች። ጉርሙጥ ተንቀጠቀጠ፤ በትል በተሞላ ጥቁር ትውከት መካከል ዕንቁውን በእጇ ላይ ተፋው። ወዲያው እንደ ተፈታ አቁማዳ ሟሸሸና ወደ ጭቃው ገባ። የዋሻው በር ተከፈተ።

ዕንቁው ወደ ቦታው ሲመለስ ምንጩ ጠራ። ናሚ ጠጣች፤ ካገሳች በኋላም ጥቂት አጥሚት በእናቷ ትከሻ ላይ መለሰች። ዚናር ፊቷን ሳታዞር በግራ እጇ ጠረገችላት።

ዚናር ልጇን ታቅፋ ስትመጣ እመት ሸሚራት በደጇ ላይ ቆማ ነበር። «እጅሽ ምን ሰማ?» አለቻት።

ዚናር የጠቆረውን ቀኝ እጇን በልጇ ሆድ ላይ አኖረች። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል በዐይኗ ታያለች፤ በመዳፏ ግን ምንም የለም።

«ይህኛው የሚሰማውን ሰምቶ ጨረሰ፣ እመት» አለችና ግራውን ዘረጋችላት። «ይህን ከመጀመሪያው ያስተምሩልኝ።»