አንድ ቤት ይበቃናል

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የገጽ አቀናባሪው ሆድ ያባውን ያወጣው ግን ፎልደር ነው።

ማተሚያ ቤቱ አዲስ ፕሮግራመር የቀጠረ ሰሞን ነበር። እሷ የለመደችው ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ቢሮው ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ደግሞ ዊንዶውስ። ስለዚህ እሷና አቀናባሪው በሚጋሩት ኮምፒውተር ላይ፣ ዊንዶውሱን ሳትነካ፣ ዩኒክስ መሰል ጎጆ ቀለሰችበት። ለመሣሪያዎቹ አንድ ፎልደር፣ ለጊዜያዊው ነገር አንድ፣ ሠራተኛው የግል ፋይሉን የሚያኖርበት ደግሞ ሌላ። ይህን የመጨረሻውን የሙያዋ ሰዎች «ቤት» ይሉታል።

አቀናባሪው አጠገቧ ተቀምጦ ማየት ልማዱ ሆነ። ስትስቅ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ያሸሻል፤ ሥራዋ ላይ ስታቀረቅር ግን የሚያየው እሷን ነው። ይህን ታውቃለች። አውቃም ሥራውን ቀስ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ፋይሎቻቸው ተበታትነው አገኘቻቸው፤ ግማሹ በዊንዶውሱ በኩል፣ ግማሹ በአዲሱ። እሱ ኮቱን ደርቦ ሊወጣ በሩ ላይ ደርሷል። ቀና ሳትል፣

«ስማ፣ ሁለት ቤት ምን ያደርግልናል? ያንተ የኔ ማለቱ ይቅርና አንድ ቤት ይበቃናል» አለችው።

ልቡ ቀጥ አለች። «እሺ» ብሎ ወጣ፤ እቤት ሲደርስም ጫማውን ሳያወልቅ «አንድ ቤት ይበቃናል አለችኝ» ብሎ ለእናቱ አበሠራቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራመሯ ስክሪኑን አዞረችለትና ትናንት ያልኩህን ቤት አሁን አንድ እናድርገው ብላ ፎልደሩን አሳየችው። ያን ጊዜ ገባው። ገና ላቡን ሳይጠርግ እናቱ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ቤት ይበቃናል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

እሷ አንዴ እናትየውን፣ አንዴ የእሱን የቀላ ጆሮ አየች። ፎልደር ነው ብትል እሷ ትድናለች፤ እሱ ግን መሳቂያ ይሆናል። ቃል ከአፏ ሳይወጣ ቀድሟት ተነሣ።

«እማዬ፣ እሷ ያለችው የፋይል ቤት ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «የተመኘሁት ግን እማዬ የሰሙትን ነው።»

እናትየው ቃል በልመና ይወጣው የነበረው ልጃቸው ሰው ፊት ሲናገር ሰምተው ተመስገን አሉ። ፕሮግራመሯ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ እማማ። መቼ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ፤ እሱ ለካ የሚጠብቀው እናቱን እስኪያመጣ ነው።»

የቢሮው ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እናትየው ተጠግተው ቤት የተባለውን ለማየት ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

«ታዲያ ወጥ ቤቱ የታለ?»

«ገና ነው» አለች፣ እጇን እጁ ላይ አኑራ። «አብረን እንሠራዋለን።»

እናትየውም ቤታችሁን እግዜር ያጽናላችሁ ብለው ስክሪኑን ባረኩት።