ዶሮ የሌለው «ወላጅና ልጅ»

«ወይኔ፣ ደረቀ!»

ኮቶኖ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አነሣች። ግን ረፍዷል። ሽንኩርቱ ላይ ያፈሰሰችው እንቁላል ለስለስና ረጠብ ማለት ሲገባው እንደ ስፖንጅ ተነፍቶ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። በዶሮ ፋንታ የከተተችው የዓሣ ቋሊማም ተጨማዶ ጫማ መስሏል። ነገ ቅዳሜ ነው። ነገ ይህን ምግብ ለጓደኛዋ ለሪንካ ወስዳ «አባዬ ነው የሠራው» ልትላት ነበር።

የኮቶኖ አባት ሴይጂ፣ ጃፓን ውስጥ ኦኖሚቺ በሚባል ከተማ ወደብ ላይ፣ ከጀልባ መሳፈሪያው ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረው። ኮቶኖና ሪንካ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያ ነበር። በብርድ ወራት መስኮቱ በእንፋሎት ሲሸፈን ሪንካ በጣቷ የአስተማሪዎችን ፊት ትሥልበታለች። ሴይጂ ከምድጃው ዞር ብሎ «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ይላል። ከዚያ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ፊታቸው ያስቀምጣል። ትኩስ ሩዝ፣ ላዩ ላይ ዶሮና እንቁላል። ዶሮዋ ወላጅ፣ እንቁላሉ ልጅ ስለሆነ ስሙ «ወላጅና ልጅ» ነው። ሪንካ ክዳኑን ስታነሣ ሁልጊዜ ዓይኗን ጨፍና መጀመሪያ ታሸተዋለች። ኮቶኖ አሁንም አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ያ ሽታ ሳታስበው ይመጣባታል።

ከዚያ ሩዝ ተወደደ። ዘይቱና ጋዙ ተከተሉ። ሴይጂ ዋጋ ልጨምር አልጨምር እያለ ብዙ ጊዜ አመነታ። ደንበኞቹ ጡረታ የወጡ የወደብ ሠራተኞች ናቸው፤ ፊታቸውን እያየ ሊጨምርባቸው አልቻለም። በጸደይ ወራት በሩን ዘጋ። አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ መጥበሻ የሚባል ነገር አይነካም። እናቷ ከአረጋውያን መንከባከቢያ ስትመለስ በርካሽ ያገኘችውን፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብም ሆነ የባቄላ ቡቃያ፣ ቶሎ ቶሎ ታበስላለች። እሱ ዝም ብሎ ይበላል።

ሪንካ «ምነው ተዘጋ?» ብላ ስትጠይቃት ኮቶኖ «ጥገና ላይ ነው» አለች። አስባበት አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፏ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ግን የሪንካ አባት በሥራ ወደ ሩቋ ሰንዳይ ከተማ ተዛወረ፤ ቤተሰቡም ሊከተለው ነው።

«አቦ፣ የአባትሽን ሩዝ ሳልበላ ከሄድኩማ አለቅስልሻለሁ! ይሄ ጥገና አያልቅም እንዴ?» አለች ሪንካ።

«አባዬ ቤት ውስጥ ያበስልልሽና በምሳ ዕቃ አመጣልሻለሁ» አለች ኮቶኖ። ውሸቱ ሌላ ውሸት ወለደ።

የውጪው በር ተከፈተ። ሴይጂ ጫማውን አውልቆ ገባና ወደ ወጥ ቤቱ አንገቱን አሰገገ።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ወላጅና ልጅ።»

ቋሊማውን በቾፕስቲክ አንሥቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ይሄ ዓሣ ነው። ይሄ ደግሞ የዶሮ እንቁላል። በምን በኩል ነው የሚዛመዱት?»

«ጎረቤት ናቸው በቃ!»

ሴይጂ ሳቀ። ምግብ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ተቀምጦ፣ ያረረውንም ጭምር አንድ ሳያስቀር በላ።

«ሶያ ሶሱ በዝቷል» አለ አፉን እየጠረገ። «ለመሆኑ ለማን ነው?»

ኮቶኖ ወለሉን እያየች ሁሉንም ነገረችው። ጥገናውን፣ ሰንዳይን፣ ምሳ ዕቃውን።

«እኔ ነኝ የሠራሁት ልትያት ነበር?»

«አዎ።»

«ወዲያው ነበር የምታውቅብሽ። እኔ እንቁላል አላሳርርም።»

ኮቶኖ ቁጣ ስትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ባዶውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«በሩ ላይ ‹ለጊዜው ተዘግቷል› ብዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «‹ለጊዜው› የምትለውን ለምን እንደጻፍኳት እንጃ። በዚያ ሳልፍ ወደ ባሕሩ ዞሬ ነው የማልፈው።»

ከዚያ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ምድጃው አጠገብ ቆመ።

«ሌላ እንቁላል አለ?»

«አለ። አንተ ሥራው፣ አባዬ።»

«አይ። አንቺ ሥሪው፤ እኔ አያለሁ።» እጆቹን ከወገቡ ጀርባ አጣመረ። «ሽንኩርቱ መረቁ ውስጥ እስኪለሰልስ አትቸኩዪ። እንቁላሉን አትምቺው፣ ሰበር ሰበር አድርጊው ብቻ። አብዛኛውን አፍስሺ። ክደኚው። አሁን እሳቱን አጥፊ!»

«ገና ነው እኮ!»

«ገና ስለሆነ ነው አጥፊ የምልሽ! የቀረውን አፍስሺና ክደኚው፤ ሙቀቱ ይጨርሰዋል።»

ክዳኑን ስታነሣ እንቁላሉ ከሽንኩርቱ በላይ ለስለስ ብሎ እየተንቀጠቀጠ፣ ቢጫና ነጭ ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር። እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ኮቶኖ ሳታስበው ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

«ይሄን ለእናትሽ እናስቀምጥላት» አለ።

ጠዋት ኮቶኖ አባቷ እንዳሳያት እንደገና ሠራችና ምሳ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረደች። በእጇ ይዛው ትንሽ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። ባዶ እጇን ከሪንካ ጋር ወደተቀጣጠሩበት ወደብ ወረደች።

«የታለ ምሳዬ?» አለች ሪንካ ገና ከሩቅ።

«አላመጣሁም። ሪንካ፣ ጥገና የሚባል ነገር የለም። አባዬ ምግብ ቤቱን ዘግቶታል። አይከፈትም።»

የሪንካ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ጀልባው ደርሶ ብስክሌት የያዙ ሰዎች በመካከላቸው አለፉ።

«ስንቴ ጠየቅኩሽ!» አለች በመጨረሻ። «እኔ የሰንዳዩን ወሬ በሰማሁ ዕለት ሮጬ መጥቼ ነው የነገርኩሽ። አንቺ ትሸውጂኛለሽ?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?» ሪንካ ወደ ምግብ ቤቱ ዞረች። መስኮቱ በውስጥ በኩል በካርቶን ተሸፍኗል። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባትሽን ደኅና ሁን እንኳ አላልኩትም።»

«አባዬ ቤት ነው፤ ዛሬ ሥራ የለውም። ምሳም አለ» አለች ኮቶኖ። «ግን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዶሮም የለውም።»

«ይበላል?»

«የትናንቱ የመጀመሪያው አይበላም ነበር። የዛሬው ይበላል።»

ሪንካ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ወደ ኮቶኖ ቤት የሚያስወጣውን ዳገት ጀመረችው። ኮቶኖም እርምጃዋን አፍጥና ከጎኗ መሄድ ጀመረች።