የሁለት ሰዎች ጉሮሮ ለምን በራ?

አናጺው ሆስፒታል ውስጥ መርፌውን ተወግቶ ከተጋደመ በኋላ፣ የሰውነት ውስጥ ምስል የምታነሣው ልጅ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችው።

«ጋሼ፣ ደምዎ ውስጥ የገባው ጨረር ያለው ስኳር ነው። በሽታ ካለ ስኳሩን ይሻማና ማሽኑ ላይ ይበራል። አሁን አንድ ሰዓት ጸጥ ብለው ይተኛሉ። ንግግር የለም!»

ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ካንሰሩ ጠፍቶ ይሁን ተመልሶ የሚለየው ዛሬ ነውና፣ በልቡ ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ ተኛ። ወዲያው ከመጋረጃው ወዲያ የታፈነ የሴት ለቅሶ ሰማ።

ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይባላል?

«እህቴ... አይዞሽ!»

«ውይ! ሰው አለ እንዴ? ብቻዬን መስሎኝ እኮ ነው!»

«እኔም ተወግቼ ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

«ፈራሁ። አስተማሪ ነኝ፣ ስለፈልፍ ነው የምውለው። ዝም በይ ስባል ፍርሃቱ መጣብኝ።»

«ታዲያ ለፍልፊያ! እኔ እሰማለሁ።»

ለፈለፈች። እሱማ ባሰበት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ለማንም ያልተነፈሰውን፣ ፊቷን እንኳ ላላያት ሴት ዘረገፈው። ስትስቅ ልቡ ድንግጥ ይላል። ግራ ገባው። መልኳን ሳላይ? በዚህ ዕድሜዬ? ከነበሽታዬ?

ምስሉ ተነሥቶ ሲያበቃ ሐኪሙ አስጠራው።

«የድሮው ቦታ ጸድቷል። ግን ጉሮሮዎ ላይ የሚበራ ነገር አለ። ተጋድመው ሳሉ ተናግረዋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

እሱን ቢቆጡት ግድ አልነበረውም፤ እሷን እንዳይቆጡበት ፈርቶ ነው።

«እንግዲያው እኔም ግራ ገብቶኛል። ከጉሮሮዎ ናሙና ቆርጠን ማየት አለብን።»

ምስል አንሺዋ ራሷን አከከች። «ዶክተር፣ ምን ጉድ ነው? አስተማሪዋም እኮ እዚያው ቦታ ላይ በርቶባታል! እሷም ትንፍሽ አላልኩም ብላ ምላለች። ለናሙና ወረፋ ይዛለች።»

አናጺው ከወንበሩ ብድግ አለ። ለእሱ ብላ ልትቆረጥ ነው!

«ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ! ሰዓቱን ሙሉ ስናወራ ነበር። ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳይቆጧት!»

ሐኪሙ ሳቁን መዋጥ አቃተው። «ሰው ሲናገር የጉሮሮው ጡንቻ ይሠራል፣ የሠራ ጡንቻም ስኳሩን ይስባል። የበራው ወሬያችሁ ነዋ! በሉ ይሂዱ፣ ነፃ ነዎት። እሷም ወረፋውን ትልቀቅ።»

«ተመስገን!» ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። የትኛዋ ናት?

«አስተማሪዋ...?»

«አቤት» አለች አንዲት ቀጭን ሴት፣ ፀጉሯን በሻርፕ የሸፈነች። አየችውና ሳቀች። «ስትናገር ረጅም ትመስል ነበር!»

«አንቺም ወፍራም! ምነው ዋሸሻቸው? ሊቆርጡሽ እኮ ነበር!»

«አንተስ ለምን ዋሸህ?»

«እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ» አላት። «የእኔም በሽታ ጠፍቷል፣ ጉሮሮሽም ደህና ነው።»

ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጉሮሮዬስ ደህና... ሳንባዬ ላይ ያለው ግን እውነተኛ ነው። ሰኞ ሕክምና እጀምራለሁ። አንተ ድነሃል። ከእኔ ጋር ደግሞ ሕመሙን አንድ ብለህ አትጀምር። ወደ ሥራህ ሂድ።»

አናጺው አጠገቧ ተቀመጠ። የዛሬው ውሎ ሁሉ ግራ ሲያጋባው ቢቆይም፣ ይህ አላጋባውም።

«ሰኞ ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት። ምነው?»

«የት ቆሜ ልጠብቅሽ?»

በሁለት እጇ፣ በመጋዝ የሻከረ እጁን ያዘች።

«ሆስፒታሉ በር ላይ» አለችው።